ደፍርሶ ቢጫ የሆነ የመኪና መብራት ቤት ውስጥ እንዴት ይጠራል? ከፍቂያ እስከ መከላከያ ቅብ

የመኪናው ቀለም ያብረቀርቃል። ሞተሩም ደህና ነው። የፊት መብራቱን ስታዩት ግን ሞራ የጋረደው ዓይን ይመስላል። ጉዱ የሚታወቀው ማታ ነው። መብራቱ በርቷል፣ መንገዱ ግን አይታይም። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው አምፖሉን ነው። አዲስ ይገዛል፣ ይቀይራል፣ ለውጥ የለም። አምፖሉ ምን ያድርግ? የደፈረሰው ብርሃኑ የሚያልፍበት ፕላስቲክ ነው።

ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኤኤኤ የተባለው የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ፍተሻ፣ ደፍርሰው ቢጫ የሆኑ መብራቶች የሚሰጡት ብርሃን አዲስ መብራት ከሚሰጠው 20 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው ፍተሻ ፕላስቲኩ ተፍቆ ሲጠራ ብርሃኑ ወደ 70 በመቶ ገደማ ተመልሷል። ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ አልሆነም፤ ግን ከ20 ወደ 70 መውጣት ቀላል ነገር አይደለም።

ደግነቱ ይሄ ቤት የሚያልቅ ሥራ ነው። ለሁለቱም መብራት ግማሽ ቀን ይበቃል። ሰው የሚሸወደው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው የመጀመሪያውን ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ቶሎ መተው ነው። ሁለተኛው ካጠሩት በኋላ መከላከያ ሳይቀቡ ማቆም ነው። «ሠርቼው ነበር፣ በሁለት ወሩ ተመልሶ ቢጫ ሆነ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ከሁለቱ አንዱን ዘሎታል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን።

ለምን ይደፈርሳል?

የድሮ መኪና መብራት ፊቱ መስታወት ነበር። መስታወት ይሰበራል እንጂ ቢጫ አይሆንም። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን አምራቾች ቀስ በቀስ ፖሊካርቦኔት ወደሚባል ፕላስቲክ ዞሩ። ክብደቱ ቀላል ነው፣ በተፈለገው ቅርጽ ይሠራል፣ ጠጠር ቢመታውም እንደ መስታወት አይረግፍም። ድክመቱ ሁለት ነው። ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይጫራል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኘው ደግሞ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል።

ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ፕላስቲኩን ስስና ጠንካራ በሆነ መከላከያ ቀብቶ ነው የሚሸጠው። ጉዳቱን ለዓመታት የሚችለው ይሄ ቅብ ነው። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ አቧራና አሸዋ ይፍቀዋል፣ ኃይለኛ ማጠቢያ ያሳሳዋል፣ ከውስጥ ደግሞ የአምፖሉ ሙቀት አለ። ሲያረጅ እኩል አይለቅም። ፀሐይ ቀጥታ የሚያርፍበት የላይኛው ክፍል ቀድሞ ይሄዳል። የታችኛው ገና ተጣብቆ ይቀራል። መብራቱን ቀረብ ብላችሁ ብታዩት የሚላላጥ ቆዳ ዓይነት ነገር የምታዩት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። በብርጭቆ ወረቀት የምንፍቀው ያረጀውን ቅብና ከሥሩ የተበላሸውን ስስ የፕላስቲክ ገጽ ነው። ሥራው ሲያልቅ ፕላስቲኩ ጥርት ይላል፤ ግን ራቁቱን ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው መከላከያ የለውም። ስለዚህ የጠራ መብራት ሳይቀባ ከተተወ ለፀሐይ ከቀድሞው የባሰ የተጋለጠ ነው።

መጀመሪያ መብራቱ የሚድን መሆኑን እዩ

ወረቀት ከማንሳታችሁ በፊት መብራቱ ላይ ውሃ አፍስሱ። እርጥብ እያለ ጥርት ካለና ሲደርቅ ተመልሶ ከደፈረሰ ችግሩ ውጭ ነው። ጥሩ ዜና ነው፣ ሥራው ይሳካል። ውሃ ፈሶበትም እንደደፈረሰ ከቀረ ነገሩ ከውስጥ ሊሆን ይችላል።

ውስጡ ላይ የውሃ ጠብታ ወይም ጭጋግ ካለ የመብራቱ ማሸጊያ ለቋል፣ ወይም ከኋላ ያለው ክዳን በደንብ አልተገጠመም፣ ወይም መተንፈሻው ተደፍኗል። ይህን ከውጭ ስትፍቁት ብትውሉም አይጠፋም። ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ትንሽ ጭጋግ ይዞ መብራቱ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ግን ብዙም አያስጨንቅም።

ፕላስቲኩ ውስጥ የሸረሪት ድር የሚመስሉ ደቃቅ ስንጥቆች ካሉ ጠለቅ ያሉ ስለሆኑ በፍቂያ አይወጡም። የደፈረሰው ይጠራል፣ ስንጥቁ ግን እዚያው ይኖራል። ከአምፖሉ ጀርባ ያለው ብር የሚመስለው አንጸባራቂ ተቃጥሎ ከጠቆረ ወይም ከተላጠ ደግሞ ፊቱን ማጥራት ትርፉ ድካም ነው። እንዲህ ያለው መብራት መቀየር አለበት።

የቆየ መኪና ከሆነ መብራቱን በጥፍር መታ መታ አድርጉት። መስታወት ከሆነ ድምፁ ያስታውቃል። ለመስታወት ይሄ መመሪያ አይሠራም። ሌላው፣ አንዳንድ መኪና መብራቱ ላይ ግልጽ ፕላስቲክ ወረቀት ተለጥፎበት ይሆናል። ቢጫ የሆነው ወረቀቱ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ጠርዙን በጥፍር ፈልጉት። ከተገኘ በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርጋችሁ ላጡት፣ ከዚያ ሥሩን እዩ። ምናልባት ሥራው እዚያው ያልቃል።

ምን ምን ያስፈልጋል?

ዋናው በውሃ የሚሠራ የብርጭቆ ወረቀት ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ወረቀቱ ደቃቅ ነው። በጣም ለተበላሸ መብራት 400 ወይም 600፣ ከዚያ 800 ወይም 1000፣ 1500፣ 2000፣ ካገኛችሁ 3000። ጥቂት ብቻ የደፈረሰ ከሆነ ከ1000 መጀመር ይበቃል። ሁልጊዜም ሥራውን ሊሠራ ከሚችለው ወረቀት ሁሉ ደቃቁን ምረጡ። 400 የሚሠራውን 800 ከሠራው 400ን አትንኩት፤ የጫራችሁትን መልሳችሁ የምታለሰልሱት ራሳችሁ ናችሁ።

ከዚህ ሌላ ወረቀቱን የምትጠቀልሉበት ለስላሳ ስፖንጅ፣ ውሃ መርጫ ጠርሙስ፣ ባልዲ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ የቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር፣ ሦስት አራት ንጹህ የማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ ኮምፓውንድ (ጭረት የሚያለሰልስ ክሬም) እና ደቃቅ ፖሊሽ፣ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ጓንት። ድሪል ካላችሁ ለፖሊሽ የሚሆን ክብ ስፖንጅ ግጠሙበት፤ ክንድ ያሳርፋል። ከሌለ በእጅም ይሆናል፣ ላብ ያወጣል እንጂ።

መከላከያውን ቀድማችሁ ግዙ። ይህን የምለው ያለምክንያት አይደለም። ጥርት ያለውን መብራት ካዩ በኋላ «ቅቡን በሚቀጥለው ሳምንት እገዛለሁ» ማለት ቀላል ነው፤ ያ ሳምንት ግን አይመጣም።

ማጠብና ማሸግ

መኪናውን ጥላ ውስጥ አቁሙ። መብራቱ ጠፍቶ መቀዝቀዝ አለበት። ትኩስ ፕላስቲክ ላይ ውሃው ቶሎ ይደርቃል፣ ወረቀቱም ይይዛል። መብራቱንና ዙሪያውን በሳሙና አጥባችሁ በደንብ አለቅልቁ። አንድ የአሸዋ ቅንጣት ወረቀቱ ሥር ከገባች 2000 ቁጥር የማያወጣው ጭረት ትሠራለች።

ከዚያ ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር አሽጉ። ኮፋኖው፣ ፓራፋንጎው፣ ከሥር ያለው የፕላስቲክ ክፍል፣ ሁሉም። አንድ ድርብ አይበቃም። የእርጥብ ወረቀት ጠርዝ አንድ ድርብ ፕላስተርን ሳታውቁት ይበላና ቀለሙ ላይ ይደርሳል። ሁለት ሦስት ድርብ አድርጉ። ኮፋኖው ሲከፈት ጠርዙ ራቅ የሚል ከሆነ ከፍታችሁ ሥሩ፤ ለእጅም ይመቻል፣ ለቀለሙም ደህና ነው።

የመጀመሪያው ወረቀት፣ ሥራው የሚወሰንበት

ወረቀቱን አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። በመርጫ ጠርሙሱ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ ጥቂት ጠብታ ሳሙና ጨምሩበት። ሳሙናው ወረቀቱን ያንሸራትተዋል፣ የተፋቀውም እንዳይጣበቅበት ያደርጋል።

ወረቀቱን ስፖንጁ ላይ ጠቅልላችሁ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ፋቁ። ቀጥ ባለ መስመር እንጂ በክብ አትዙሩ። ለምን እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል። ጫናው እኩል ይሁን፤ በጣት ጫፍ ከተጫናችሁ ፕላስቲኩ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦይ ይቀራል፣ ሲበራ ደግሞ ይታያል። ውሃ አታቋርጡ። በየጥቂት ሰከንዱ ርጩ።

አሁን የሚፈሰውን ውሃ እዩት። መጀመሪያ ላይ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ቢጫ ቢጫ ይላል። ያ ቢጫው ያረጀው ቅብና የተቃጠለው ፕላስቲክ ነው። በጣታችሁ ጠረግ አድርጋችሁ ጥቁር ነገር ላይ ብትቀቡት በግልጽ ይለያል። እየፋቃችሁ ስትሄዱ ቢጫው እየቀነሰ ነጭ ብቻ ይሆናል። ድምፁም ይለወጣል። መጀመሪያ ወረቀቱ ይንኳኳል፣ እየተደናቀፈ ይሄዳል። ቅቡ ሲያልቅ ወጥ የሆነ ለስለስ ያለ ድምፅ ይሰጣል።

ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ነው። «ቢጫው ጠፋ፣ በቃ» ይላል። አልበቃም። መብራቱን አለቅልቁና አድርቁት። አዎ፣ ሙሉ በሙሉ አድርቁት። እርጥብ ፕላስቲክ ይዋሻል፤ ሁሉም ነገር ላይ ጥርት ያለ ይመስላል። ደርቆ ሲታይ መብራቱ በሙሉ እኩል ነጭ፣ እኩል ድፍን መሆን አለበት። ልክ ማየት የማይቻልበት የመታጠቢያ ቤት መስኮት እስኪመስል። ይሄ ያስደነግጣል፤ ብዙዎች «አበላሸሁት» ብለው ልባቸው ይርዳል። አልተበላሸም። መሆን ያለበት እንደዚያ ነው።

የምትፈልጉት ከነጩ መሀል የሚያብረቀርቅ ወይም ጠርዙ የተለየ መስመር ያለው ቦታ ነው። ያ ያልለቀቀ የድሮ ቅብ ነው። እዚያ ላይ ደቃቅ ወረቀት ብታወርዱበት ደቃቁ አይነቅለውም፤ ያሳምረዋል እንጂ። በመጨረሻ ፖሊሽ ስታደርጉ ያው ጠርዝ ብቅ ይላል፣ ያን ጊዜ ደግሞ መመለሻው ከመጀመሪያው መጀመር ነው። ስለዚህ የቀረውን ቦታ በዚያው በመጀመሪያው ወረቀት ጨርሱት። ለአንድ መብራት አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ቢወስድ አይግረማችሁ። ከጠቅላላው ሥራ ትልቁን ትዕግሥት የሚጠይቀው ይሄ ነው።

ማዕዘኖቹ ላይ ስፖንጁ አይገባም። ወረቀቱን አጥፋችሁ በሦስት ጣት ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ግቡበት። ፕላስቲኩ ላይ ጎላ ብለው የወጡ ፊደላትና ቁጥሮች ካሉ ቀለል አድርጋችሁ እለፉባቸው፤ የመብራቱ ደረጃ ምልክቶች ናቸው፣ ፍቃችሁ ማጥፋት የለባችሁም። ሹል የሆኑ ጠርዞችም ላይ አትጫኑ፣ ይጠፈጠፋሉ።

ወደ ደቃቁ መውረድ

ከዚህ በኋላ ሥራው ፈጠን ይላል። እያንዳንዱ ቀጣይ ወረቀት አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው፤ የበፊቱ የተወውን ጭረት ማጥፋት። ያንን ለማወቅ ነው ቀጥ ባለ መስመር የፋቅነው። 600ን ወደ ጎን ከሠራችሁ 1000ን ከላይ ወደ ታች ሥሩ። 1500ን ደግሞ ወደ ጎን። አድርቃችሁ ስታዩ ሁሉም ጭረት ወደ ላይና ታች ብቻ ከሆነ የ600ው ጠፍቷል፣ ቀጥሉ። ወደ ጎን የሚሄድ ጭረት ካያችሁ ግን ገና ነው። በክብ ብትሠሩ ኖሮ የትኛው ጭረት የማን እንደሆነ በምን ትለያላችሁ?

ለማየት የስልካችሁን መብራት በጎን አብሩበት። ፊት ለፊት ያበራችሁት ጭረትን ይደብቃል፣ ከጎን የመጣው ግን አንድም አይተውም።

ወረቀት በቀየራችሁ ቁጥር መብራቱንም፣ ስፖንጁንም፣ እጃችሁንም ታጠቡ፣ የባልዲውንም ውሃ ቀይሩ። የ600 ቅንጣት ይዛችሁ 2000 ላይ ከወጣችሁ ድካማችሁን ራሳችሁ አፈረሳችሁት።

ቁጥር አትዝለሉ። ከ600 ቀጥታ ወደ 2000 መሄድ ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል። 2000 ግን የ600ን ጭረት ለማጥፋት በጣም ደካማ ነው፤ ስትፍቁ ትውላላችሁ። ከ2000 በኋላ መብራቱ ገና ድፍን ነው፣ ግን ለስላሳ ነው፣ ውስጡም በጭላንጭል ይታያል። 3000 ካላችሁ ጨምሩት፤ ፖሊሹን በግማሽ ያቀለዋል።

እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። ለመከላከያነት የሚረጭ ክሊር (ግልጽ ቅብ) ልትጠቀሙ ካሰባችሁ እስከ 2000 አትወርዱም፣ ፖሊሽም አታደርጉም። ምክንያቱን ወደታች ታገኙታላችሁ።

ፖሊሽ

ፕላስቲኩን አድርቁ። ኮምፓውንዱን ስፖንጁ ላይ ጠብ ጠብ አድርጋችሁ ድሪሉን ሳታስነሱ መብራቱ ላይ ቀቡት፤ አስነስታችሁ ከቀባችሁ ልብሳችሁንም መኪናውንም ይረጨዋል። ከዚያ በዝግታ ጀምሩ። በደቂቃ ከ1000 እስከ 1500 ዙር ይበቃል። ስፖንጁ ጠፍጣፋ ሆኖ ይረፍ እንጂ በጠርዙ አትሥሩ።

ዋናው ማስጠንቀቂያ ሙቀት ነው። ፖሊካርቦኔት ወደ 147 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። ድሪል አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ገጹ ይሞቃል፣ ይቃጠላል፣ የማይወጣ ነጭ ጠባሳ ይተዋል። ስለዚህ እጃችሁ አይቁም። በየጊዜው መብራቱን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ለብ ካለ ምንም አይደለም። እጅ የማያስነካ ከሆነ አቁማችሁ አቀዝቅዙ። ኮምፓውንዱ ሲደርቅ ትንሽ ውሃ ርጩበት።

ከኮምፓውንዱ ቀጥሎ በሌላ ንጹህ ስፖንጅ ደቃቁን ፖሊሽ ድገሙ። በእጅ የምትሠሩ ከሆነ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ጠበቅ አድርጋችሁ ፈትጉ፤ ውጤቱ ይመጣል፣ የሚለየው ጊዜው ነው። ፖሊሽ እያደረጋችሁ የማይጠፋ ጭረት ካያችሁ ኮምፓውንድ በመጨመር አትድከሙ። ያ የፍቂያ ችግር ነው። ወደ 1500 ወይም 2000 ተመለሱ፣ ያቺን ቦታ ብቻ አስተካክሉ፣ እንደገና ፖሊሽ አድርጉ።

መከላከያው

አሁን መብራቱ ጥርት ብሏል፣ ፎቶም ታነሱታላችሁ። ሥራው ግን አላለቀም። መጀመሪያ አይሶፕሮፒል አልኮል ባለው ጨርቅ ጥረጉት። ፖሊሽ ዘይት ይተዋል፤ ዘይት ላይ ምንም ቅብ አይዝም። ከጠረጋችሁ በኋላ በጣት አትንኩት።

ምርጫው ከቀላል ወደ ከባድ እንዲህ ነው። የመኪና ሰም በጣም ቀላሉ ነው፤ በጨርቅ ትቀቡታላችሁ። ግን ከታጠበ በኋላ እየሳሳ ስለሚሄድ በየሳምንታቱ ካልደገማችሁት መከላከያ አለኝ አትበሉ። የሴራሚክ ቅብ ከዚያ ይሻላል፤ ወራት ይቆያል፣ አያያዙ ከተስተካከለም ዓመት ሊደርስ ይችላል። ለመብራት ተብለው የተሠሩ፣ አልትራቫዮሌት የሚከላከሉ በጨርቅ የሚቀቡ ፈሳሾችም አሉ። ለጀማሪ የምመርጠው ይሄን ነው። ሲቀቡ አንድ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ እኩል፣ ሳይመላለሱ። የደረቀ ጫፍ ላይ ተመልሶ መንካት መስመር ይተዋል። አንዳንዶቹ በፀሐይ ብርሃን ስለሚጠነክሩ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ጊዜ አክብሩ፣ ቢያንስ ለአንድ ቀንም ውሃ አታስነኩት።

ረጅም ዕድሜ ያለው የሚረጭ ክሊር ነው፤ በተለይ ማጠንከሪያ ያለበት ባለሁለት ክፍሉ። በትክክል ከተሠራ ዓመታት ይቆያል። እዚህ ላይ ነው ፖሊሽ አታደርጉም ያልኩት። ክሊር የሚይዘው ደቃቅ ጭረት ሲያገኝ ነው፤ እንደ መስታወት የለሰለሰ ገጽ ላይ ይላላጣል። ስለዚህ ፍቂያውን 1000 ወይም 1500 አካባቢ ጨርሳችሁ፣ ጣሳው ሌላ ቁጥር ካላዘዘ በስተቀር፣ በአልኮል ጠርጋችሁ ትረጫላችሁ። ጭረቱን ክሊሩ ራሱ ሞልቶ ያጠራዋል። ድፍኑ ፕላስቲክ ከመጀመሪያው ርጭት በኋላ ዓይናችሁ እያየ ሲጠራ ደስ ይላል።

ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ፣ ስስ አድርጋችሁ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ርጩ። በመሀል ጥቂት ደቂቃ ስጡት። በአንድ ጊዜ ካበዛችሁት ይፈሳል፣ የፈሰሰው ደግሞ እንባ መስሎ ይደርቃል። መኪናውን ከፊት በኩል በሙሉ በላስቲክ ሸፍኑት፤ የክሊር ብናኝ ከምታስቡት በላይ ይርቃል። ባለሁለት ክፍሉ ጣሳ ከታች ያለው ቁልፍ ሲጫን ማጠንከሪያው ይቀላቀላል፤ ከዚያ በኋላ ለሌላ ሳምንት አይቆይም፣ ሁለቱንም መብራት በአንድ ቀን ጨርሱ።

ከጤና አንጻር ግን ቀልድ የለም። የባለሁለት ክፍል ክሊር ማጠንከሪያ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለበት። ሳንባን ይጎዳል፣ አስምም ያስከትላል። ተራ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አይከላከለውም። ለቀለም ርጭት የተሠራ ካርትሪጅ ያለው ማስክ፣ የዓይን መነጽርና ጓንት ያስፈልጋል፤ ቦታውም ክፍት አየር ይሁን፣ ልጆችም አይጠጉ። ይህ ከሌላችሁ በጨርቅ የሚቀባውን ምረጡ። ዕድሜው ቢያጥር ነው።

ስለ ጥርስ ሳሙናና ስለ ትንኝ መከላከያ

«መብራት በጥርስ ሳሙና ወይም በትንኝ መከላከያ ይጠራል» የሚለው ሳይነሳ አይቀርም፣ እንጨርሰው። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ደቃቅ ፈጪ ነገር ስላለ ጥቂት የደፈረሰ መብራትን ትንሽ ያጸዳል። የለቀቀ ቅብ ግን አይነቅልም፣ መከላከያም የለውም። ለሠርግ ቀን መኪና ይሆን ይሆናል።

ሰውነት ላይ የሚረጨው የነፍሳት መከላከያ ግን ሌላ ነገር ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ዲት የተባለው ንጥረ ነገር ፕላስቲክን ያሟሟል። የሚያብረቀርቀው የላይኛው ገጽ ስለቀለጠ ነው፤ በቅርቡ ተመልሶ ይደፈርሳል፣ አንዳንዴም ከበፊቱ የባሰ ይሆናል። ቲነር፣ ቤንዚን፣ አሴቶን ደግሞ ፖሊካርቦኔትን ይሰነጥቃሉ። እነዚህን መብራት አጠገብ አታድርሱ።

ከዚያ በኋላ

ፕላስተሩን ቅቡ ሲደርቅ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ማታ ላይ ደልዳላ ቦታ ፈልጋችሁ መኪናውን ከግድግዳ ፊት አቁሙና አጭሩን መብራት አብሩ። የብርሃኑ የላይኛው መስመር ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ከፍታ ላይ ካልሆነ ከኋላ ባለው ማስተካከያ ብሎን አስተካክሉት ወይም ጋራዥ አሳዩት። ደፍርሶ እያለ ማንንም የማይረብሽ የነበረ የተዛባ መብራት፣ ሲጠራ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል።

አምፖሉም ካረጀ ሁለቱን አብራችሁ ቀይሩ። የሃሎጅን አምፖል ከሆነ ብርጭቆውን በባዶ እጅ አትንኩ፤ የጣት ዘይት ሙቀት ስቦ ዕድሜውን ያሳጥራል።

ስታጥቡ ለስላሳ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። በጨርቅ የሚቀባ መከላከያ ከተጠቀማችሁ በየጥቂት ወሩ ውሃ ርጩበትና እዩ። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ክብ ሆኖ ከተንከባለለ ቅቡ አለ። ጠፍጣፋ ሆኖ ከተዘረጋ ቅቡ እየለቀቀ ነው፤ ያን ጊዜ ፕላስቲኩ ቢጫ ሳይሆን ድገሙት። እንዲህ ከቀደማችሁት ዳግመኛ 600 አትነኩም፤ አልኮል፣ ጨርቅና ቅብ ብቻ ነው፣ ለሁለቱም መብራት ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።